መጽሐፉ በማን እጅ አለፈ?

ሚጌል አሲን ፓላሲዮስ የተባለ ስፔናዊ ካህን በ1919 (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጣልያኖችን ያስቆጣ ጥናት አወጣ። የዳንቴ «መለኮታዊ ኮሜዲ» ሲኦልንና ገነትን የሚስልበት መንገድ የነቢዩ መሐመድን የሌሊት ዕርገት ከሚተርኩ የዓረብኛ ድርሳናት ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ምንጩም እነሱ ናቸው፣ ሲል ተከራከረ። የባለቅኔው 600ኛ ሙት ዓመት ሊከበር ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶ ነበር። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ በብሔራዊ ኩራት ቢናገሩም አንዱ ጥያቄያቸው ግን የዋዛ አልነበረም። ዳንቴ ዓረብኛ አያውቅም፤ ታዲያ በየት በኩል ደረሰው?

የእስልምናው ዓለምና አውሮፓ የተለዋወጡትን ዕውቀት የሚያጠኑ የታሪክ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ የደከሙት በዚህችው ጥያቄ ነው። መመሳሰልን ማሳየት ቀላል ነው፤ መንገዱን ማሳየት ግን ዕድሜ ይፈጃል።

ጥናቱ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም፤ ሙግት ነበር። ፈረንሳዊው ኧርነስት ሬናን በ1852 ስለ ፈላስፋው ኢብን ሩሽድና በአውሮፓ ስላሳደረው ተጽዕኖ ዛሬም የሚጠቀስ መጽሐፍ ጻፈ። ያው ሰው በ1883 ፓሪስ ላይ ባደረገው ንግግር እስልምናና ሳይንስ አይስማሙም አለ። በዚያው ዓመት ሙስሊሙ አሳቢ ጀማል አልዲን አል-አፍጋኒ እዚያው ፓሪስ በሚታተም ጋዜጣ መልስ ሰጠው። የሁለቱ ክርክር ስለ መካከለኛው ዘመን ከሚነግረን ይልቅ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የሚነግረን ይበዛል።

ነገሩን ወደ ብራና ክፍል ካወረዱት አንዱ አሜሪካዊው ቻርልስ ሆመር ሃስኪንስ ነው። በ1924 ባሳተመው ጥናቱ የ12ኛውን ክፍለ ዘመን ተርጓሚዎች ተከታተለ። ብዙው መንገድ ወደ ስፔኗ ቶሌዶ ያደርሳል። ከተማዋ በ1085 በካስቲል ንጉሥ እጅ ስትገባ መጻሕፍቷና ዓረብኛ የሚናገሩ ነዋሪዎቿ ባሉበት ቆዩ። የክሬሞናው ጄራርዶ ከጣልያን ተነሥቶ ወደዚያ የሄደው የበጥሊሞስን የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ፍለጋ ነበር፤ እዚያው ቀርቶ በ1187 እስኪሞት ድረስ ከ70 በላይ ሥራዎችን ወደ ላቲን መለሰ። ይህንን ያወቅነው እሱ ስሙን በየሥራው ላይ ስላልጻፈ ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ደቀ መዛሙርቱ ዝርዝሩን ጽፈው ስላስቀሩ ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያሳይ አንድ መቅድምም ተርፎልናል። የሐኪሙንና ፈላስፋውን የኢብን ሲናን የነፍስ መጽሐፍ አንድ አይሁዳዊ ሊቅ ዓረብኛውን ቃል በቃል እያነበበ በአገሬው መነጋገሪያ ቋንቋ ይናገረዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ጉንዲሳልቪ የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሰው ደግሞ ወደ ላቲን ይመልሰዋል። በሁለቱ መካከል የነበረው ያ መነጋገሪያ ቋንቋ በወረቀት ላይ አልተረፈም። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ መቅድም «አውሮፓ ለዓረቦች ባለዕዳ ናት» ከሚሉ መቶ ንግግሮች ይበልጣል።

ዓረቦች የግሪክን ዕውቀት ጠብቀው ለአውሮፓ አስረከቡ የሚለው አባባል ዛሬ በባለሙያዎች ዘንድ ብዙ ሰሚ የለውም። ዲሚትሪ ጉታስ በ1998 ባወጣው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ባግዳድ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ያስተረጎመችው ለራሷ ቤተ መንግሥት፣ ለራሷ ሐኪሞችና ለራሷ ክርክር ስትል ነው። ያገኘችውንም እንዳለ አልተወችውም፤ ኢብን አል-ሀይሠም በጥሊሞስን የሚሞግት ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል።

ዳንቴን በተመለከተ፣ አሲን ፓላሲዮስ በ1944 ሞተ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለት ሊቃውንት ሳይመካከሩ ያንኑ ጽሑፍ አሳተሙ። የዕርገቱን ትረካ የካስቲሉ ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ አብርሃም በተባለ አይሁዳዊ ሐኪም ወደ ካስቲልኛ አስተርጉሞት ኖሯል፤ ከዚያም ቦናቬንቱራ የተባለ የሲዬና ሰው ወደ ላቲንና ወደ ፈረንሳይኛ መልሶታል። ፈረንሳይኛው የ1264 ነው። ስለዚህ ዳንቴ ሊያነበው ይችል ነበር፤ ማንበቡን ግን ማስረጃ የለም። መምህሩ ይባል የነበረው ብሩኔቶ ላቲኒ ወደዚያው ንጉሥ መልእክተኛ ሆኖ ተልኮ ነበር፤ ዓመቱ ግን 1260 ነው፣ ፈረንሳይኛው ከመዘጋጀቱ አራት ዓመት በፊት።

ከሁለቱ አሳታሚዎች አንዱ ኤንሪኮ ቼሩሊ ነበር። በወረራው ዘመን የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ ምክትል ገዥ የነበረው፣ ስለ ግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ብዙ የጻፈው ያው ሰው። በ1943 ባሳተመው ሌላ ጥናቱም ተአምረ ማርያም ከፈረንሳይ ተነሥቶ በዓረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ እንዴት እንደ መጣ ተከታትሏል። ሹመቱን ልንረሳለት አንችልም፤ ዓረብኛ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ድልድይ እንደነበረ ያየበት ዓይን ግን የእውነት የሊቅ ዓይን ነው።

በ1957 ደግሞ ከባዱ ጉዳይ መጣ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደማስቆ ኡመያድ መስጊድ ሰዓት ጠባቂ የነበረው ኢብን አል-ሻጢር የጨረቃን እንቅስቃሴ ያሰላበት መንገድ ከኮፐርኒከስ ስሌት ጋር በሒሳብ አንድ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ተመራማሪ የኮፐርኒከስን አንድ ሥዕል ከሥነ ፈለክ ሊቁ ከናሲር አልዲን አል-ጡሲ ሥዕል ጋር ሲያስተያይ በነጥቦቹ ላይ የተጻፉት ፊደላት ከዓረብኛዎቹ ጋር እንደሚገጥሙ አየ። መንገዱን ፍለጋ ጆርጅ ሳሊባ የተባለ ተመራማሪ ዓረብኛ የሚያነቡ የኢጣልያና የፈረንሳይ ሊቃውንት በየኅዳጉ የጻፉትን ማስታወሻ አሰሰ። ሌሎች በ1500 አካባቢ በኢስታንቡልና በቬኒስ ምድር መካከል ይመላለስ የነበረ ሙሴ ጋሌያኖ የተባለ አይሁዳዊ ሊቅ ላይ አተኮሩ። ኮፐርኒከስ ራሱ ደረሰበት የሚሉም አሉ። ክርክሩ አልተቋጨም።

የዕዳ ሙግቱም አልፎ አልፎ ይመለሳል። በ2008 ሲልቫን ጉጌኔም የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ሰው አውሮፓ አርስጣጣሊስን ያገኘችው በቀጥታ ከግሪክኛ ነው ብሎ ጻፈ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ምሁራን ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙት። ከግሪክኛ በቀጥታ የተተረጎሙ ሥራዎች በ12ኛው ክፍለ ዘመን መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ጽሑፉ መኖሩና መረዳቱ ይለያያሉ፤ የፓሪስ መምህራን አርስጣጣሊስን ያነበቡት የኢብን ሩሽድን ማብራሪያ አጠገብ ዘርግተው ነው።

የቅርቡ ጥናት ደግሞ ስለ ህዳሴው ዘመን እርግጥ ነው ተብሎ የኖረውን ይነካካል። ዳግ ኒኮላውስ ሃሴ በ2016 እንዳሳየው በህዳሴው ዘመን ዓረብኛውን አስወግደን ወደ ግሪክ እንመለስ የሚሉ ድምፆች ሲበረቱ ማተሚያ ቤቶቹ ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። የቬኒሱ ጁንታ በ1550ዎቹ መጀመሪያ አርስጣጣሊስን ከኢብን ሩሽድ ማብራሪያ ጋር በበርካታ ጥራዝ አተመ፤ በ1593 ደግሞ የሮማው የሜዲቺ ማተሚያ ቤት የኢብን ሲናን የሕክምና ቀኖና በራሱ በዓረብኛ ፊደል አወጣው።