እናት ያጎረሰችው ላይተር

እስቲ አንድ ፎቶግራፍ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። የወፍ ጫጩት ሞቶ መሬት ላይ ተኝቷል። ላባና አጥንቱ ቀርቷል፤ ሥጋው ፈርሷል። ሆዱ በነበረበት ቦታ ግን የጠርሙስ ክዳን፣ የሲጋራ ላይተር፣ ስብርባሪ ፕላስቲክ... ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሆኖ ተከምሯል!

ቦታው ሚድዌይ ይባላል። ሰላማዊ ውቅያኖስ መሐል፣ ከየትኛውም አህጉር ከ3ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የሚገኙ ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። የሚኖሩባቸው ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ታዲያ ላይተሩን ጫጩቱ ሆድ ውስጥ ማን ከተተው?

እናትና አባቱ!

የእነዚህ ወፎች የፍቅር ታሪክ ለዚህ ገጽ የሚሆን ነው። አልባትሮስ ይባላሉ። ለዓመታት አብረው እየጨፈሩ ይተጫጫሉ፤ ከተጣመሩ ብዙዎቹ እስከ ሞት አይለያዩም። በዓመት ቢበዛ አንዲት እንቁላል ነው፤ እሷንም ሁለት ወር ያህል ተራ በተራ ይታቀፏታል። (ባሎች ሆይ፣ ሰማችሁ?) ጫጩቱ ሲፈለፈል 2 ሜትር ገደማ የሚሆን ክንፋቸውን ዘርግተው ምግብ ፍለጋ እሩቅ ባሕር ይሄዳሉ። ከሚወዱት አንዱ የበራሪ ዓሣ እንቁላል ነው። እሱ ደግሞ የሚለጠፈው ውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ነገር ነው። ዱሮ ግንድና ቅጠል ነበር የሚንሳፈፈው፤ አሁን ፕላስቲክ በዛ። ወላጅ ያገኘውን ይውጣል፣ ተመልሶ አፍ ላፍ ገጥሞ ልጁን ያጎርሳል። ጉርሻ ነው እንግዲህ!

ፎቶውን ያነሳው ቀድሞ ጠበቃ የነበረ አሜሪካዊ ነው። ደሴቶቹ ላይ ሥራውን የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ከጫጩቶቹ ሆድ አንዲትም ቁራጭ እንዳላነቃነቀ፣ እንዳልጨመረ ተናግሯል። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ቀዩዋን ክዳን ትንሽ ገልበጥ ቢያደርጋት ማን ያየዋል? ሠርግ ላይ «ኬኩን እንደገና ቁረጡት» ማለት ያስኬዳል፤ እዚያ ግን ፎቶው ራሱ ምስክር ነው፤ አንዲት ክዳን ከተነካች «አቀነባብሮት ነው» ለሚል ሰው በሩ ተከፈተ ማለት ነው። እርግጥ ጫጩቶቹ ሁሉ በፕላስቲክ ብቻ ሞቱ ማለት አይቻልም፤ ረሃቡም ሙቀቱም ይገድላል። ፎቶው የሚለው ሆዳቸው ውስጥ የነበረውን ነው።

ሰውየው በዚያው አልቀረም። ወፎቹ ሰው ስለማይፈሩ ለዓመታት እየተመላለሰ በሕይወት ያሉትንም ቀረፀ፤ ጭፈራቸውን፣ ጉርሻውን፣ የጫጩቶቹን የመጀመሪያ በረራ። ፊልሙን በ2018 ለማንም በነፃ ለቀቀው። ልብ ይበሉ፣ ጫጩት ከመብረሩ በፊት ያልተፈጨውን ሁሉ ማስመለስ አለበት። አንዳንዱ ይሳካለታል፤ ተፍቶ ይበራል።

በ1956 ቀለበት የታሰረላት አንዲት አልባትሮስ እዚያው አለች። የሚጣል ላይተር ገበያ ላይ ሳይወጣ ልጅ ታሳድግ ነበር። በ2024 መጨረሻም ተመልሳ እንቁላል ጥላለች።