የኃይል ቁጠባ ከምጣድ ይጀምራል

ስለ ኃይል ቁጠባ ሲነሳ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው አምፖል ማጥፋት ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ከቤት ውስጥ የኃይል ፍጆታ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው እንጀራ መጋገር በመሆኑ ቁጠባውም ከምጣድ ሊጀምር ይገባል።

3 ሺህ 500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳይቋረጥ ለ2 ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ መጠን አንድ ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል በየቀኑ ለ4 ሰዓት ከስድስት ወር በላይ ለማብራት ይበቃል።

ሸክላው እስኪግል ድረስ የሚፈጀው ኃይል አንድም እንጀራ ሳይወጣ የሚከፈል ወጪ ነው። በመሆኑም በሳምንት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ይልቅ በሁለት ጊዜ አጠቃሎ መጋገር፣ አከምባሎውን በሚገባ መክደንና የመጨረሻውን እንጀራ ምጣዱን አጥፍቶ በቀሪው ሙቀት ማብሰል ተጨማሪ ገንዘብ የማይጠይቁ የቁጠባ ዘዴዎች ናቸው። የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከሚያይልበት የምሽት ሰዓት ውጪ መጋገርም በአካባቢው ትራንስፎርመር ላይ የሚደርሰውን ጫና ያቃልላል።

በማገዶ ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች ደግሞ በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከቦ ሙቀቱ እንዳይባክን ስለሚያደርግ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨት ፍጆታን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ጥቅሙ ለደን ብቻ ሳይሆን በጭስ ይበልጥ ለሚጎዱት እናቶችና ሕፃናት ጤናም ነው።

በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የሥራ ኃላፊዎች ስለ ቁጠባ የሚሰጡትን ትምህርት ከመብራት ማጥፊያው አሻግረው ወደ ማዕድ ቤቱ ሊያደርሱት ይገባል።