በደብረ ታቦር ደጋዎች የዘር ቈጠራና የርስት አሰፋፈር

ጐሣ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በአባት በኩል ብቻ የሚቈጠረውን ወገን ነው፤ በሶማሌ ዘንድ ዝምድና የሚወርደው እንዲህ ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ፥ በፋርጣ፥ በእስቴና በጋይንት ግን የቤተ ሰብ አቈጣጠር ከዚህ ይለያል። ምክንያቱን በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንመረምራለን።

በበጌምድርም ሆነ በጎጃም የርስት መነሻ አቅኚ አባት ነበር። ይኸውም መሬቱን መጀመሪያ አቀና የሚባለው ሰው ነው። ከእርሱ የተወለደ ሁሉ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ በአባቱም ሆነ በእናቱ ቈጥሮ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፥ ማንም ሰው ስምንት ቅድመ አያቶች ስላሉት በእያንዳንዳቸው በኩል ሌላ አቅኚ ሊጠራ ይችላል። ሁለተኛ፥ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ስለማይጋቡ ሙሽራ የምትፈለገው ከሩቅ ወገን ነው፤ ልጆቿም በእርሷ በኩል በሌላ አጥቢያ ርስት ይቈጥራሉ። ስለዚህ አንድ ዘር በአንድ ቀበሌ ተወስኖ አልቀረም፤ አንድ አጥቢያም የብዙ አቅኚዎች ልጆች መኖሪያ ሆነ።

ነገር ግን መብት ያለው ሁሉ መሬት በእጁ ነበር ማለት አይደለም። ሁሉም ቢካፈል ኖሮ ለአንድ ጥማድ በሬ የሚበቃ ማሳ አይተርፍም ነበር። ጠያቂው በሽማግሌ ፊት ዘሩን መቍጠር፥ ምስክር ማቅረብና መሟገት ነበረበት፤ በዚህም ጕልበትና ሹመት ያለው ያሸንፍ ነበር። አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ በሰፊው ገልጠዋል።

የገዢዎች አሰፋፈር ግን ሌላ ነበር። ከየጁ የመጡት ወረሴሆች ከራስ ጉግሣ ዘመን ጀምሮ በደብረ ታቦር ተቀመጡ፤ ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ድል ሲሆኑ ግዛታቸው አብሮ አለፈ። የገበሬው ርስት ግን በጦርነት ሳይሆን በቈጠራ ይኖር ስለ ነበር ከዚያ በኋላም ቈየ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፥ ዘር መቍጠር መሬት ማስገኘቱ ቀረ። የቀረው ዋና ጥቅም ለጋብቻ ነው። ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው የሴቶች መስመር ነው። የእኛ ስም የሚይዘው አባትንና አያትን ብቻ ስለ ሆነ፥ የእናት ወገን በሽማግሌ ቃል ካልሆነ በቀር በመዝገብ አይገኝም። ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ የአባቶችን ስም ብቻ ጽፈን እንዳንመለስ፤ አያቶቻችን ከየትኛው አጥቢያ ተድረው እንደ መጡም እንጠይቅ።