መስታወትና ብረት ዛፍን ይተካሉ ወይ?



ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በአሮጌው መንገድ ስትሄዱ ቢሾፍቱን ታገኛላችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ አረንጓዴ ሐይቅ የሚባል አለ። ስሙን ያወጣለት መልኩ ነው። ይህን መልክ የሰጠው ስፒሩሊና የሚባል በጣም ደቃቅ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሥር የለውም፣ ግንድም የለውም። ግን እንደ ዛፍ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ይሠራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ወስዶ ምግቡን ያዘጋጃል፤ ለእኛ መተንፈሻ የሚሆነውን ኦክስጅን ይለቃል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከትንፋሻችን፣ ከመኪና ጭስ፣ ከምድጃም ይወጣል። አየር ላይ ሲበዛ ምድርን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያሞቃታል።

ታዲያ በሰርቢያ አገር፣ በቤልግሬድ ከተማ፣ ተመራማሪዎች ይህንን የሐይቅ ሥራ መንገድ ዳር አመጡት። ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 2021 ነው። 600 ሊትር ውሃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ሠርተው አልጌ አሳደጉበት። አልጌም የስፒሩሊና ዓይነት ደቃቅ ነገር ነው። ገንዳውን “ፈሳሽ ዛፍ” ይሉታል። የ10 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሁለት ዛፎች ያህል ይሠራል ይላሉ። ዛፍ መትከያ ቦታ ለጠፋበት ሰፈር ነው እንጂ ደንን ለመተካት አይደለም፤ ይህንንም የተናገሩት ራሳቸው ናቸው።

ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ገንዳው ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፤ አልጌው ሲበዛም የሚቀዳለት ሰው ይፈልጋል። በሚያዝያ ፀሐይ አዳማ ላይ ባጃጁን አቁሞ ጥላ የሚፈልግ ሰው ገንዳ ሥር ይጠለላል እንዴ? ገንዳ አፈር በጎርፍ እንዳይሄድ አይዝም። የግራር ሥር ግን ይይዛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛፍ የወሰደው ካርቦን አይጠፋም፤ እንጨት ሆኖ ይቀመጣል። በስምጥ ሸለቆ መንገዶች ዳር በጆንያ የሚሸጠው ከሰል ትናንት ግራር ነበር። ግራሩ በብዙ ዓመት ያጠራቀመውን የቡና ምድጃችን በጥቂት ቀን ለአየር ይመልሰዋል። የገንዳው አልጌም ደርቆ ቢቃጠል እንደዚያው ነው።

በአይስላንድ ግን ሌላ ዘዴ አለ። ኦርካ የተባለው ፋብሪካ በ2021 ሥራ ጀመረ። አየሩን በማራገቢያ ስቦ ጋዙን ይለያል። ጋዙ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጥልቅ መሬት ይወርድና ከዓለቱ ጋር ተዋህዶ ድንጋይ ይሆናል። ኃይሉ ከመሬት እንፋሎት ነው። እንዲህ ያለ እንፋሎት በእኛም ስምጥ ሸለቆ፣ በአሉቶ ላንጋኖ አለ። ፋብሪካው ግን ወጪው ብዙ ነው። የግራር ችግኝ የሚጠይቀው ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውሃና ከፍየል የሚከልለው አጥር ነው።