እውነት ወይስ ተረት? የፍኖተ ሐሊብ ጥቁር ቦታዎች

በሚያዝያ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ መብራት ራቅ ብሎ ወደ ደቡብ ያንጋጠጠ ሰው ፍኖተ ሐሊብን ቁልጭ አድርጎ ያየዋል። መሀል መሀሉ ላይ ግን የጠቆረ ቦታ አለበት።

«እዚያ ጋ ኮከብ የለም፤ ባዶ ነው» ይባላል።

ተረት ነው፤ ያውም የተማረ ሰው ተረት። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሸል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1785 እንዲህ ያለውን ጨለማ በሰማይ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ አድርጎት ነበር። ቦታው በጋዝና በአቧራ ደመና የተሞላ ነው፤ ከዋክብቱ የተጋረዱት ከጀርባው ሆነው ነው። አቧራው ደቃቅ የሲሊኬትና የካርቦን ብናኝ ሲሆን አብዛኛው ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ እንኳ ያንሳል።

የሚገርመው፣ ስህተቱን የሚያጋልጠውን ብርሃን ያገኘው ራሱ ኸርሸል መሆኑ ነው። በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም አሳልፎ ምንም በማይታይበት ቦታ ቢያስቀምጠው ሙቀቱ ከፍ አለ። ዛሬ ኢንፍራሬድ የምንለው ይህ ነው።

«የማይነድ ነገር ብርሃን አይሰጥም።»

ይህም ተረት ነው። እሳቱ የተጎተተለት ምጣድ በጨለማ ቤት አይታይም፤ እጅ ሲያስጠጉት ግን ይፋጃል። አቧራውም በአቅራቢያው ያሉትን ከዋክብት ብርሃን ውጦ ይሞቃል፤ የዋጠውንም በኢንፍራሬድ መልሶ ይረጫል። ሞቀ ሲባል ታዲያ እንዳይጋነን፤ ከኮከብ የራቀው ከዜሮ በታች 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እሱም ቢሆን ያበራል።

«ከእንጦጦ ሆነን ልናየው እንችላለን።»

በሚታይ ብርሃን የሚያበራውን ደመና፣ ማለትም ኔቡላውን፣ አዎ። በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ለዚያ ይበቃሉ። ከቀዝቃዛው አቧራ የሚመጣውን ረጅም ሞገድ ግን በአየር ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎት ያስቀረዋል። ስለዚህ መሣሪያው ከአየር በላይ መውጣት ነበረበት፦ የጠፈር ቴሌስኮፖቹ ኢራስ በ1983፣ ስፒትዘር በ2003፣ በ2009 ደግሞ የአውሮፓውያኑ ቴሌስኮፕ፣ ስሙም ኸርሸል።

«የጄምስ ዌብ ፎቶ ቀለም እንዳለ የተፈጥሮ ነው።»

አይደለም። ይህ የጠፈር ቴሌስኮፕ በአብዛኛው የሚያነሳው ኢንፍራሬድን ነው፤ ዓይናችን ግን ኢንፍራሬድን አያይም፤ ባለሙያዎቹ አጭሩን ሞገድ ሰማያዊ፣ ረጅሙን ቀይ አድርገው ይቀቡታል። ማጭበርበር ግን አይደለም፤ የትኛው ቀለም ለየትኛው ሞገድ እንደተሰጠ ከፎቶው ጋር ይጽፋሉ። ፎቶው ስልክዎ ላይ ሲደርስ ለሌላ ከማጋራትዎ በፊት ይህን ማብራሪያ ፈልገው ያንብቡ።