ትንሿ የአፈር ትል ለበጎቻችን ምን ትጠቅማለች?

በግ ሲከሳ፣ ሲያስቀምጠው፣ ከመንጋጋው ሥር ሲያብጥ ገበሬ «ትል ነው» ይላል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ደም የሚመጥጡ ትሎች በበጉ ሆድ ውስጥ ይኖራሉ። መድኃኒቱ ግን ትሉን እንዴት እንደሚያሸንፈው በምን ታወቀ?

የበግ ትል ያለ በግ አይራባም። መድኃኒት በተሞከረ ቁጥር በግ መግዛትና መቀለብ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በአፈርና በበሰበሰ ፍሬ የምትኖር ሌላ ትል መረጡ። ስሟ ሲኖራብዳይቲስ ኤለጋንስ ይባላል። ስሟ ረጅም ነው፤ እሷ ግን 1 ሚሊሜትር ብቻ ናት። ሰውንም ከብትንም አትነካም። በ3 ቀን ተኩል ያህል አድጋ እንቁላል ትጥላለች። አንዷ 300 ያህል ልጆች ታፈራለች። ሲድኒ ብሬነር የተባሉ ተመራማሪ በእንግሊዝ አገር ስለ እርሷ ያጠኑትን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 አሳተሙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትሎቹን ከነምግባቸው በትንሽ ሳህን ያኖራሉ። መድኃኒት ይጨምሩበታል። ከዚያም በአጉሊ መነጽር ያያሉ። ትሏ ትንቀሳቀሳለች? ትበላለች? ትወልዳለች? ሌቫሚዞል የሚባለው መድኃኒት ሲነካት ተኮማትራ ትደርቃለች። አይቨርሜክቲን ሲነካት ደግሞ መዋጥ ያቅታታል። የበግ ትልም እንዲሁ ይደነዝዝና ከበጠጡ ጋር ይወጣል።

ይሁን እንጂ የአፈር ትል የበግ ትል አይደለችም። በእርሷ የተሞከረ ሁሉ በኋላ በበግ ላይ መሞከር አለበት።

ይህቺ ትል ሌላም ትምህርት ሰጥታለች። ከብዙ ትሎች መካከል መድኃኒት የማይበግራቸው ጥቂቶች ተገኙ። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ለይተው ቢያራቧቸው ልጆቻቸውም መድኃኒቱን የሚችሉ ሆኑ። ብርታቱ በዘር ይወረሳል ማለት ነው።

በበጋችን ሆድም ይኸው ይሆናል። መድኃኒት አሳንሰን ስንሰጥ ደካማው ትል ይሞታል፤ ብርቱው ተርፎ ይራባል። ገበሬ ለዘር ምርጡን እህል ይለያል። እኛ ግን ሳናውቅ ለትሉ ምርጥ ዘር ለየንለት! ከዚያ በኋላ ያው መድኃኒት አይሠራም።

ስለዚህ ወገኖች፣ የአንዱን በግ መድኃኒት ለሁለት በግ አታካፍሉ። የበጉን ክብደት አስመዝኑ፤ ሚዛን ከሌለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይገምትላችሁ። በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ልክ አንብቡ። ያልገባችሁን ጠይቁ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው!