የወንጂ አሮጌ ፋብሪካዎች መኖሪያ ቢሆኑስ?

የኢትዮጵያ ዘመናዊ የስኳር ምርት የተጀመረው ከአዳማ በስተደቡብ በአዋሽ ሜዳ ላይ በምትገኘው ወንጂ ነው። ኤችቪኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1943 ዓ.ም ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ የወንጂን ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ሥራ አስጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም ደግሞ የሸዋ ፋብሪካ ታከለበት። ሁለቱም በ1967 ዓ.ም በመንግሥት ተወረሱ። ማሽኖቻቸው ስላረጁ ወንጂም ሸዋም በ2000ዎቹ ዓ.ም የመጀመሪያ ዓመታት ማምረት አቆሙ፤ ሥራውንም በዶዶታ የተተከለው አዲሱ ፋብሪካ ተረከበ። የአንድ ፋብሪካ ዕድሜ ሲያልቅ በአገራችን የተለመደው ብረቱን ለቁርጥራጭ መሸጥ፣ ግድግዳውን ማፍረስና ቦታውን ባዶ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ የቤት እጥረት በሚያስጨንቃቸው የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ፤ ከመዋቅሩ ጠንካራው ክፍል ተጠግኖ መኖሪያ ይሁን፣ በዙሪያው ባለው ክፍት ቦታም አዳዲስ ቤቶች ይሠሩ።

ይህ ለአሮጌ ነገር ከማዘን ብቻ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ቤት ሲሠራ ብዙ ገንዘብ የሚበላው መሠረቱ፣ ምሰሶውና ጣሪያው ነው፤ ከዚያም መንገድ፣ ውኃና መብራት ወደ ቦታው ለማድረስ ሌላ ወጪ ይጠይቃል። ፋብሪካ ደግሞ ያለ መንገድ፣ ያለ ውኃና ያለ ኃይል አይቆምም። ስለዚህ በተዘጋ ፋብሪካ ግቢ የሚሠራ ሠፈር ከእርሻ መሬት ላይ ከሚጀመር ሠፈር በብዙ እርምጃ ቀድሞ ይነሳል። አዳማ በየአቅጣጫው ወደ ማሳ እየሰፋች ባለችበት በዚህ ጊዜ አንድ ጊዜ የተገነባን ቦታ መልሶ መጠቀም የገበሬውን መሬት ማትረፍ ነው። ከዓለም የካርቦን ልቀት 8 በመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ምርት የሚመጣ በመሆኑም የቆመን ኮንክሪት አለማፍረስ ራሱ ጥቅም አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንጂ ያለ ሰው የቀረ የኢንዱስትሪ ግቢ አይደለችም፤ በፋብሪካው ዙሪያ በተሠሩት የሠራተኞች ካምፖች ትውልድ ተወልዶ አድጓል።

ሌሎች አገሮች ይህን ሞክረውታል። ቪየና ከ1896 እስከ 1899 እ.ኤ.አ. የተገነቡ አራት ግዙፍ የጋዝ ማከማቻዎች ነበሯት። በ1984 እ.ኤ.አ. ሥራ ካቆሙ በኋላ የጡብ ግድግዳቸው ተጠብቆ ውስጣቸው እንደገና ተሠራ፤ ከመካከላቸው በአንደኛው ጎንም አዲስ ሕንጻ ተገጠመ። በኮፐንሃገን ሁለት የቀድሞ ሲሎዎች (ረጃጅም ማከማቻዎች) ወደ አፓርታማ ሲለወጡ አርክቴክቶቹ ግድግዳውን በብዛት መብሳት መዋቅሩን እንደሚያዳክም ስላዩ ቤቶቹን ከውጭ በኩል አንጠለጠሏቸው። በባርሴሎና አጠገብ ደግሞ አርክቴክቱ ሪካርዶ ቦፊል የተተወን የሲሚንቶ ፋብሪካ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቤቱና ቢሮው አደረገው፤ ዋልደን 7 የተባለው ትልቅ የመኖሪያ ሕንጻም ከዚያው ጎን ተሠራ። ከሦስቱም የምንማረው አሮጌው ሕንጻ በግድ ተራ ቤት መምሰል እንደሌለበት ነው። መኖሪያ መሆን የሚችለው ክፍል መኖሪያ ይሆናል፤ የማይችለው አዳራሽ ሱቅ፣ መዋለ ሕፃናት ወይም የመሰብሰቢያ ቦታ ይሆናል፤ የሚጎድለውን የቤት ቁጥር አዲሱ ግንባታ ይሞላል።

ዋነኛው ተቃውሞ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጣና ነው፤ በ2017 ዓ.ም በታኅሣሥና በጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው ነውጥ ብዙ ቤተሰቦችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ከ60 ዓመት በፊት የተተከለ ምሰሶ የዛሬውን የግንባታ ደረጃ ያሟላል ብሎ መገመት አይቻልም። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የቦይለርና የእንፋሎት ቧንቧ መሸፈኛ በአብዛኛው ሳንባ ከሚጎዳው አስቤስቶስ ይሠራ ነበር። የወንጂ የከርሰ ምድር ውኃም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን የሚያልፍ ፍሎራይድ ስላለው የነዋሪውን ጥርስና አጥንት ሲጎዳ ኖሯል። ነገር ግን ውኃውም ሆነ መንቀጥቀጡ አዲስ የሚሠራውንም ቤት አይምርም። መዋቅሩና አፈሩ በባለሙያ ይመርመር፤ መጠናከር የሚችለው ይጠናከር፣ የማይችለው ይፍረስ። ሳይመረመር የሚፈርስ ሁሉ ግን ያለ ማስረጃ የተፈረደበት ነው።

ሌሎች ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት የሀብታም መዝናኛ ሆኖ ይቀራል ይላሉ። ቦታው ለከፈለ ሁሉ በጨረታ ብቻ ከተሰጠ ስጋታቸው እውነት ይሆናል። መፍትሔው ግን ሕንጻውን ማፍረስ አይደለም፤ ከቤቶቹ የተወሰነው ለቀድሞ ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው በአነስተኛ ኪራይ እንዲሰጥ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ማስፈር ነው። ሙዚየም ይሻላል ለሚሉትም መልሱ አንድ አዳራሽ ለታሪክ ይበቃል የሚል ነው፤ ሰው የሚኖርበት ሕንጻ ጠባቂ አያጣም። ሕጉም መንገዱን አልዘጋም። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የነባር ሕንጻን አገልግሎት መለወጥ ከግንባታ ቆጥሮታል፤ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ታሪካዊ ሕንጻዎች የሚጠበቁበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ስለዚህ የአዳማና የአካባቢዋ አስተዳደሮች፣ የስኳር ኢንዱስትሪው ኃላፊዎችና የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ያድርጉ፤ በተዘጋ ፋብሪካ ላይ የማፍረሻ ውል ከመፈረሙ በፊት የመልሶ መጠቀም ጥናት ግዴታ ይሁን።